ቢሽኑ ለእናቴ የነገረቻት

እናቴ እኔንና አባቴን ጥላን ልትሄድ እንደሆነ ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሌክ ኢሪ የሚባል ሐይቅ ዳር፣ የካምፕ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ማንም አልነገረኝም። በጆሮዬ ሰማሁ፣ በዓይኔም አየሁ። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ለአንዲት ቀን እንኳን አልተጠራጠርኩም።

ኮሎምበስ ከተማ ከገባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። ዲቪ የደረሰው ለአባቴ ነው። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት ላይኛው ፎቅ ተከራይተን እንኖራለን። አባቴ ስሙ ዘገዬ ነው፣ ዌርሃውስ ይሰራል፤ እናቴ ህብረት ትባላለች፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት እንግሊዝኛ ትማራለች። አስተማሪዋ ሚስ ጆአን የምትባል ጡረታ የወጣች ፈረንጅ ነበረች። ተማሪዎቹ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከሜክሲኮ፣ ከኢራቅ የመጡ። ከእኛ አገር እናቴና የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ ሙኒራ ብቻ ነበሩ።

የዚያን ዓመት ነሐሴ ላይ ሚስ ጆአን ተማሪዎቿን ለሦስት ቀን ወደ ሐይቁ ልትወስዳቸው ተነሳች። አክረን ከተማ ያለ እንደነሱ ያለ ክፍልም እዚያው ይመጣል ተባለ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ሌላ መግባቢያ ስለማይኖራቸው ወደዱም ጠሉም እንግሊዝኛ ያወራሉ፤ የሚስ ጆአን ሐሳብ እሱ ነበር። ልጅ ያላት ልጇን ይዛ መምጣት ትችላለች። እትዬ ሙኒራ ከስራ ፈቃድ አላገኘችምና ቀረች።

"ያላንቺ ምን ልሆን ነው እንግዲህ" አለቻት እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ።

በራችንን ዘግተን ስንገባ ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ቅሬታ አልነበረም። የሆነ ነገር ቀለል ያለላት ትመስል ነበር። እናቴ ለካ እትዬ ሙኒራን አትወዳትም ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ አልነበረም። እናቴ ለሦስት ቀን አማርኛ ከሚሰማ ሰው ሁሉ መራቅ ፈልጋ ነው።

አውቶቡሱ የተማሪ ማመላለሻ፣ ያ ቢጫው ነበር። ኤሲ የለውም። እግሬ ከፕላስቲኩ መቀመጫ ጋር እየተጣበቀ፣ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እንደ ፕላስተር ተልጦ ይላቀቃል። የኮንጎዋ ሴትዮ መዝሙር ትጀምራለች፣ ሶማሌዎቹ ቃሉን ሳያውቁት ያጨበጭቡላታል። ከከተማው ከወጣን በኋላ በቆሎ ብቻ ነው፤ ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ያው በቆሎ። እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ግራ ብብቷ ስር ሸጉጣለች።

"በርዶሻል?" አልኳት።

"አይ" አለችና እጇን አወጣች። ጥቂት ቆይታ መልሳ ሸጎጠችው።

የአክረኖቹ ሴቶች ከእኛ ቀድመው ደርሰው ኖሮ ጥላ ስር ሳር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። አብዛኞቹ ከቡታን ተባረው ኔፓል መጠለያ ውስጥ የኖሩ ነበሩ፤ ይሄን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሚስ ጆአን ክብ ሰርተን እንድንቀመጥ አደረገችና እያንዳንዷ ስሟንና አገሯን እንድትናገር ጠየቀች። ተራው አንዲት አጠር ብላ ደልደል ያለች ሴት ጋ ደረሰ። አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ወርቅ አለች፣ ከረጅም ቀሚሷ ስር የወንድ ስኒከር ተጫምታለች።

"ማይ ኔም ቢሽኑ" አለች። "ማይ ካንትሪ..." ብላ ወደ ሰማይ አየች። "ቱ ካንትሪ። ኖ ካንትሪ።" ከዚያ ራሷ ሳቀች፤ ሆዷ እስኪነቃነቅ።

ከጎኔ እናቴ ስትስቅ ሰማኋት። ዞር ብዬ አየኋት። ክረምቱን ሙሉ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም። የምንተኛው ስድስት ስድስት ሆነን ከእንጨት በተሰሩ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ስለነበር ቢሽኑ ከአንዷ ጋር ተቀያይራ እኛ ጋ መጣች። ከሻንጣዋ እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ሩዝ አወጣች፤ ሽንኩርት ከተፈችበት፣ ቃሪያ ጨመረችበት፣ ከትንሽ ጠርሙስ የሰናፍጭ ዘይት ጠብ አድርጋ በእጇ አሸችው። ጠረኑ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። ፀጉሬን ደግሞ ጭኗ መሃል አስቀምጣኝ ጎነጎነችው፤ ጣቶቿ ጠንካራ ነበሩ፣ ግን አላሳመመችኝም።

እንግሊዝኛቸው እኔን ያስቀኛል። አንዷ የማታውቀውን ቃል በእጇ ታሳያለች፣ ሌላዋ ገምታ ሌላ ስህተት ቃል ትሰጣታለች፣ ሁለቱም በስህተቱ ይስማማሉ። እኔ መሃል ገብቼ አርማቸዋለሁ። ቢሽኑ "ቲቸር" ነበር የምትለኝ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወረድን። እናቴ እንዲህ የሚያክል ውሃ በቅርብ አይታ አታውቅም፤ ዳርቻው ላይ ቆማ ቀረች። ቢሽኑ እጇን ይዛ ቀስ እያለች አስገባቻት፤ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት። ቀሚሳቸው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ክብ ሰራ። እኔ ድንጋይ እየለቀምኩ አያቸዋለሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ቢሽኑ ኮሎምበስ እንድትኖር እመኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነው።

ሌሎቹ ቁርስ ላይ ናቸው። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ተቀምጫለሁ። መጸዳጃውና መታጠቢያው አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ አየሩ የሳሙናና የሙቅ ውሃ ጭጋግ። እናቴና ቢሽኑ ሲገቡ ሰማሁ። ልጠራቸው አፌን ስከፍት የእናቴ ድምፅ አስቆመኝ። ቀጥኖ ነበር። እዚህ አገር የሽንት ቤት በር ዳርና ዳሩን ክፍተት ይተውለታል፤ በዚያ ክፍተት አየኋቸው።

"ማይ ሀዝበንድ ዶንት ኖው" አለች እናቴ።

"ዩ ኖት ቴል?"

"ኖት ቴል። ኖ ፒፕል ኖው። ኦንሊ ዩ።"

 ቢሽኑ ጀርባዋን ለእኔ እንደሰጠች የሸሚዟን ቁልፎች ፈታች፣ የእናቴን እጅ ያዘችና ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። እናቴ እጇን ልትስብ ስትል ይዛ አስቀረቻት።

"ሲ" አለቻት። "አይ ከት። ቱ ይር። ናው አይ ሊቭ።"

"አይ አፍሬይድ" አለች እናቴ። ታለቅስ ነበር። "ማይ ዶተር ስሞል።"

"ዶተር ኦኬ። ዩ ከት፣ ዩ ሊቭ። ዋይ ዩ ኖት ሊቭ?"

 ውሃ የሆነ ቦታ ጠብ ጠብ ይላል።

"አይ ዋንት ሊቭ" አለች በመጨረሻ። "አይ ዋንት ሊቭ፣ ቢሽኑ።"

እኔ ክፍሌ ውስጥ በእንግሊዝኛ ንባብ ከሁሉም የምበልጥ ልጅ ነበርኩ። እያንዳንዷን ቃል አውቃታለሁ። ባሌ አያውቅም፣ ማንም አያውቅም፣ ካንቺ በቀር። እኔ ቁርጥ አድርጌ ከሄድኩ ሁለት ዓመቴ። አንቺስ ለምን አትሄጂም? ልጄ ትንሽ ናት። ልጅቷ ምንም አትሆንም፣ ቁርጥ አድርጊና ሂጂ። መሄድ እፈልጋለሁ። ደረት ላይ የተቀመጠውም እጅ ምን እንደሆነ ግልጽ ነበር። እየተማማሉ ነው።

እስኪወጡ ድረስ እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወጥቼ መስታወቱ ፊት ቆምኩና ቢሽኑ የጎነጎነችልኝን አንድ በአንድ ፈታሁት።

ምሳ ላይ ሩዙን ስታቀብለኝ አልቀበልም አልኳት። "ቲቸር ሲክ?" አለችና ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካችኝ። ራሴን አሸሸሁ። እናቴ ተቆጣችኝ። እናቴ ግን የዚያን ቀን ሙሉ ሌላ ሰው ነበረች። ሁለት ሳህን በላች፣ ከሜክሲኮዎቹ ጋር ጨፈረች፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ውሃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። ልትሄድ ስለወሰነች ነው ደስ ያላት፣ አልኩ በልቤ። ለእሷ ምንም አልተናገርኩም። ብናገር ቶሎ የምትሄድ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሁለቱ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዱ ወደ አክረን፣ አንዱ ወደ ኮሎምበስ። በሁለት ቀን ተኩል የተዋወቁ ሴቶች እንደዚያ ሲለቃቀሱ ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም። የኢራቋ ሴትዮ ሻርፗን አውልቃ ለአንዷ አለበሰቻት። ሚስ ጆአን ፎቶ ልታነሳቸው ትለምናለች፣ ማንም አይሰማትም። እናቴና ቢሽኑ ዝም ብለው ተቃቅፈው ቆመዋል። አሁን ሳስበው ሌሎቹ ያለቅሱ የነበሩት ደስ የሚል ጉዞ ስላለቀ ነው። እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው ሌላ ምክንያት የነበራቸው።

"ሮሃ፣ ነይ" አለችኝ እናቴ ዓይኗን እየጠረገች። "የሷን ቁጥር ጻፊልኝ፣ የእኔንም ጻፊላት። አጥርተሽ ጻፊ።"

ቤታችን ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ነገር ሁሉ የእኔ ስራ ነበር። ቢሽኑ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው የፕላስቲክ ኪስ ካርድ አውጥታ ቁጥሯን አሳየችኝ። ሚስ ጆአን ያደለችንን ወረቀት ለሁለት ቀደድኩ። አውቶቡሱ መከለያ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። የቢሽኑ ቁጥር መጨረሻ ላይ አንድ ነበረበት። ሰባት አደረግሁት። ለቢሽኑ በምሰጠው ወረቀት ላይ ደግሞ የእናቴን ስድስት ዜሮ አልኩት።  ሁለቱንም ወረቀት ሰጠኋቸው። ቢሽኑ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፤ የሰናፍጭ ዘይት ትሸት ነበር። ወረቀቷን ካርዱ ከነበረበት ኪስ ውስጥ ከታ ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እናትና አባቴ መኝታ ቤት ገብተው በር ዘጉ። እኔ ሳሎን ቴሌቪዥን ከፍቼ ድምፁን ቀነስኩት።

"ክረምቱን ሙሉ ይዘሽው ዝም አልሽ?" ይላል አባቴ።

"ፈራሁ፣ ዘገዬ።"

"እኔንና ልጅቷን ጥለሽን ልትሄጂ ነበር እኮ።"

"አሁን ወስኛለሁ። ሴፕቴምበር ዘጠኝ ነው ቀጠሮው።"

ከዚያ አባቴ ሲያለቅስ ሰማሁ። አባቴ ሲያለቅስ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ነገሩ አበቃ አልኩ፤ ለእሱም ነግራዋለች፣ ቀኑም ታውቋል።

ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ ስልክ ይዛለች። ደወለች። ወንድ አነሳ። "ቢሽኑ? ቢሽኑ ፕሊስ" አለች። ዘጋባት። እንደገና ደወለች፤ ያው ሰውዬ ነው፣ አሁን ጮኸባት። ሦስተኛ ጊዜ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ደወለች።

"ሮሃዬ፣ እስኪ አንብቢልኝ" አለችኝ። "እኔ ሳላጠፋው አልቀርም። ይሄ አንድ ነው ሰባት?"

ወረቀቱን ይዤ አየሁት። ፊቷን አላየሁም።

"ሰባት" አልኳት።

ስልኩን አስቀመጠችና ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች።  ከዚያ ተነስታ መክሰሴን ሰራችልኝ።

"ማሚ ደንቨር ዘመድ ጋ ለጥቂት ቀን ትሄዳለች" አለኝ አባቴ። ደንቨር ዘመድ እንዳለን ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ትንሽ ቦርሳ ይዛ በር ላይ ቆመች፣ በአንድ እጇ አቀፈችኝ፣ "እትዬ ሙኒራን አታስቸግሪያት" አለችኝ። አላለቀስኩም። ከትምህርት ቤት በኋላ እትዬ ሙኒራ ቤት ስጠብቅ፣ እሷ አንሶላ እያጣጠፈች ደጋግማ ታየኝ ነበር። ደንቨር የሚባለውን እሷም እንዳላመነች ዛሬ ይገባኛል።

በአራተኛው ቀን እናቴ መጣች።

ሮጬ ልጠመጠምባት ስል አባቴ መሃል ላይ ቀሚሴን ይዞ አስቀረኝ። "ቀስ" አለኝ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን ከጎኗ አጣብቃ ይዛለች። ፊቷ ገርጥቷል። ደክማለች፣ መንገድ ለመንገድ ስትንከራተት ነው የሰነበተችው፣ አልኩ። አክረን ድረስ ሄዳ፣ ቁጥሩ አልሰራ ብሏት፣ ቢሽኑን ሳታገኛት ተመለሰች። አሸነፍኩ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ከበድ ያለ ዕቃ አታነሳም፤ ከመደርደሪያ ሳህን የማወርድላት እኔ ነበርኩ። እያጉረመረምኩ አደርገዋለሁ። በልቤ ግን ኩራት ነበረኝ። እያደግሁ ስሄድም፣ ሂሳብ ፈተና ወደቅሁ፣ ከጓደኛ ተጣላሁ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እኔ እኮ ቤተሰቤን በአንዲት ቁጥር ያዳንኩ ልጅ ነኝ እል ነበር ለራሴ። ለማንም አልተናገርኩትም።

በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ቤተሰቤ ቀደም ብሎ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሉዊስ ሴንተር ስለሄደ እኔ ከሦስት ልጆች ጋር ግቢው አጠገብ ቤት ተከራየሁ። አንድ ቀን የተማሪዎች ክሊኒክ ሄጄ ፎርም ሰጡኝ። ቤተሰብ ውስጥ ስለነበረ በሽታ ይጠይቃል። ለእናቴ ኮል አደረግኩላት።

"ማሚ፣ በቤተሰባችን ካንሰር ያለበት ሰው አለ ወይ ይላል። ኖ ልበል አይደል?"

ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"የስ በዪ" አለችኝ።

"ማን?"

"እኔ።"

መጠበቂያው ክፍል ሰው ሞልቶበታል። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ስታወራ ድምጿ ልክ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር እንደምትተርክ ሰው ነበር። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው በዚያ ክረምት መጀመሪያ ነው። ሐኪሞቹ ቶሎ ይቆረጥ አሏት። እሷ ደግሞ አክስቷ አዲስ አበባ ተቆርጣ በወሩ ስትሞት አይታለች። ካልነኩት ቢያንስ ልጄን ትንሽ አሳድጋለሁ ብላ ቀጠሮውን ሰረዘችው። ለአባቴ ብትነግረው ያስገድዳታል፤ ለአገር ሰው ብትነግር በሳምንቱ ቤተክርስቲያኑ ሁሉ ይሰማል።

"ከዚያ ያቺ ቢሽኑ" አለችኝ። "ትዝ ትልሻለች? ፀጉርሽን የሰራችሽ። እሷም ተቆርጣ ነበር። ደረቷን ገልጣ እጄን አስቀመጠችበት። 'አይ ሊቭ' አለችኝ። ይኸው ተቆርጬ ሁለት ዓመት ኖርኩ፣ አንቺስ ለምን አትኖሪም? እሷ ናት ያዳነችኝ እንጂ ዶክተሩ አይደለም።"

በእንግሊዝኛ መኖር ማለት ሊቭ ነው። ትቶ መሄድም ሊቭ ነው። ልዩነታቸው አንዷን አጠር፣ አንዷን ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። እናቴም ቢሽኑም ሁለቱን አይለዩም፤ ሁለቱንም ሳብ ያደርጓቸዋል። ከሁሉም የምበልጠው እኔ ደግሞ በጆሮዬ የሰማሁትን አመንኩ።

"ከዚያስ?" አልኳት። 

"ከዚያማ መንገድ ላይ ተዋወቅን፣ ቤቷ ስትገባ ረሳችኝ። ኦፕሬሽኑ ሊደርስ ፈርቼ፣ ድምጿን ልስማ ብዬ ብደውል ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው። እሷም አልደወለችም። ሚስ ጆአንን ልጠይቃት ስል ልጇ ጋ ሌላ ስቴት ሄዳለች አሉኝ። አልፈርድባትም። የራሷ ኑሮ አላት።"

ተመልሼ ገባሁና ፎርሙ ላይ የስ የሚለውን መርጬ ሰጠሁ። ለእናቴ ምንም አላልኳትም። ያን ቀን አላልኳትም፣ በዚያ ዓመትም አላልኳትም። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

ያለፈው ሚያዝያ ሉዊስ ሴንተር ግሮሰሪ ገብተን ነበር። አንዲት አፍንጫዋ ላይ ወርቅ ያደረገች ሴት በአጠገባችን አለፈች። እናቴ ጋሪዋን አቁማ ዞር ብላ አየቻት። ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርግ ነበር፤ ለካ እስከዚያች ቀን ልብ ብዬ አላየኋትም። ሽንኩርቱ ፊት ቆመን ነገርኳት፤ ምን ሰምቼ፣ ምን መስሎኝ፣ ምን እንደጻፍኩ።

እናቴ ሽንኩርት መምረጧን ቀጠለች። አንድ በአንድ እያገላበጠች። ከፍለን ወጣን። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ፣

"ሁለቱንም?" አለችኝ።

"ሁለቱንም።"

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ስራ ላይ ሆኜ ደወለችልኝ። "ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር" አለችኝና ዘጋችው። 

ፋርማሲ አብራኝ የምትሰራ የኔፓል ልጅ አለች። አክረን የነበረች፣ ባሏ ልብስ ሰፊ፣ ቢሽኑ የምትባል ብዬ ነገርኳት። ቢሽኑ የሚባል ሰው መቶ ይገኛል ብላ ሳቀችብኝ፤ በሳምንቱ ግን አድራሻ ጽፋ ሰጠችኝ። ሬይኖልድስበርግ ይላል። ቢሽኑ ከአክረን ከመጣች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእናቴ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ኖራለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ከቤቱ ፊት ሣር መሆን የነበረበት መሬት ላይ የሰናፍጭ ቅጠል ተተክሏል። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ጎንበስ ብላ ቅጠል ትቀነጥሳለች። የመኪናው በር ሲዘጋ ቀና አለች። እናቴ ወደ እሷ መሄድ ጀምራ መሃል ላይ ቆመች። ቢሽኑ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ መጥታ አላቀፈቻትም። እዚያው አፈሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

"ኢብሬት" አለች፣ ህብረት ለማለት። "ዩ ዳይ። አይ ቲንክ ዩ ዳይ።"

ቢሽኑ ደጋግማ ደውላ ነበር። የሚያነሳው የማታውቀው ሰው ነው። ኢብሬት ፈርታ ቀረች፣ ሳትቆረጥ ሞተች ብላ አሰበች። ያን ዓመት እንዴት እንዳለቀሰችላት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በእጇ እያሳየች ነገረቻት። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ለሦስት ቀን ጓደኛ ይሄን ያህል ይለቀሳል ወይ እያለ ይቆጣት ነበር። እናቴ አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

"ኖ ዳይ" አለቻት። "ነምበር ሮንግ። ማይ ሚስቴክ። አይ ራይት ባድ።"

ወደ እኔ አላየችም።

"አይደለም" አልኩ። "እናቴ አይደለችም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።" ቀስ ብዬ፣ በቀላል እንግሊዝኛ ነገርኳት። አውቄ እንዳደረግሁት። እናቴን ልትወስጅብኝ ነው ብዬ እንደሆነ።

ቢሽኑ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስንት ዓመትሽ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ አልኳት። ጣቶቿ ላይ ያለውን ጭቃ አንድ በአንድ ጠረገች። ምንም አይደል አላለችኝም።

"ፊፍቲን ይር" አለች። "ሎንግ።"

ከዚያ የእናቴን ክንድ ተደግፋ ተነሳች። ተያይዘው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። ማንም ነይ አላለኝም።

በረንዳው ደረጃ ላይ ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተቀምጣ ሁሉንም ስታይ ቆይታለች፤ የቢሽኑ የልጅ ልጅ ናት። ከውስጥ ልቅሶና ከፍ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የአንዷ ሲያበቃ የሌላዋ ይጀምራል።

"አያቴ እየተጣላች ነው?" አለችኝ ልጅቷ በእንግሊዝኛ።

ምንም አይደለም፣ ተጫወቺ ልላት ነበር። ተውኩት።

"አልተጣሉም" አልኳት። "አያትሽ እናቴ የሞተች መስሏት ነበር። እናቴ ደግሞ አያትሽ የረሳቻት መስሏት ነበር። ሁለቱም ተሳስተው ነው። አሁን ተገናኙ፤ ለዚያ ነው የሚያለቅሱት።"

"ለምን መሰላቸው?"

"ልጅ ሆኜ የተሳሳተ ስልክ ጻፍኩላቸው። እንዳይገናኙ ብዬ። አያትሽ ያለችውን ሳልረዳ ቀርቼ።"

ልጅቷ ይሄን አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሰበችበት።

"መጥፎ ነገር ነው ያደረግሽው" አለችኝ።

እናቴ ያላለችኝን፣ ቢሽኑም ያላለችኝን፣ እኔም ራሴ ጮክ ብዬ ያላልኩትን ነው ያለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ሌላ የምጨምረው ካለ ብላ ትንሽ ጠበቀችኝ። የለኝም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ ብላ በግራዋ በኩል ቦታ ለቀቀችልኝ፣ እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ።